ያልተቆጠሩ ሕፃናት

በሐዋሳ ከተማ ኦቲዝም ያለባቸው ሕፃናት ስንት ናቸው ብሎ የሚጠይቅ ሰው፥ ጥያቄው የተገባ ቢሆንም፥ መልሱን ከመጠበቁ አስቀድሞ ሌላ ነገር መጠየቅ ይኖርበታል፤ እርሱም «ለመሆኑ እነዚህን ሕፃናት ቤት ለቤት ዞሮ የፈለጋቸው ማን ነው?» የሚለው ነው። በኢትዮጵያ ስለ ኦቲዝም አገር አቀፍ የሆነ፥ ከደጅ ወደ ደጅ የተደረገ ቈጠራ እስካሁን የለም፤ ስለዚህ በየስብሰባው የሚጠቀሰው አኃዝ በሌሎች አገሮች ከተገኘው ስሌት ተወስዶ በሕዝባችን ብዛት የተባዛ ግምት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ100 ሕፃናት መካከል አንዱ ያህል ኦቲዝም እንዳለበት ለብዙ ጊዜ ሲያስታውቅ ቈይቶ፥ በቅርቡ ባወጣው ግምት ደግሞ ከ127 ሰዎች አንዱ ይላል። ይህ ልክ ለሐዋሳም የሚሠራ ከሆነ፥ ከታቦር ተራራ ሥር ጀምሮ እስከ ሐይቁ ዳር ባሉት ሰፈሮች፥ አምሳና ስድሳ ሕፃናት በሚማሩባቸው ክፍሎች፥ በየሁለቱ ክፍል አንድ እንዲህ ያለ ልጅ መገኘት ነበረበት። ነገር ግን በክፍሉ ውስጥ አናየውም፤ አብዛኛውን ጊዜ ከቤት አልወጣምና።

ቍጥሩ ራሱ ታሪክ አለው። ቪክቶር ሎተር የተባለው ተመራማሪ በእንግሊዝ አገር በሚድልሴክስ አውራጃ የነበሩትን ከስምንት እስከ ዐሥር ዓመት ያሉትን ሕፃናት መርምሮ በ1966 (በዚህ ጽሑፍ ዓመታቱን የምጠቅሰው እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር ነው) ባወጣው ጽሑፍ ያገኘው ከ10,000 ሕፃናት 4.5 ብቻ ነበር። በአሜሪካ በስምንት ዓመት ሕፃናት ላይ በየጊዜው የሚደረገው ምዝገባ ግን በ2000 ከ150 አንድ፥ በ2020 ከ36 አንድ፥ በ2022 ከ31 አንድ እያለ መጥቶአል። ይህን ያነበበ ሰው፥ በስድሳ ዓመት ውስጥ አንድ አዲስ መቅሠፍት በሕፃናት ላይ ወረደ ብሎ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። የሊቃውንቱ ፍርድ ግን እንዲህ አይደለም፤ ሎተር የፈለገው ከሰው ፈጽሞ የተለየውንና ምልክቱ እጅግ የጎላውን ልጅ ብቻ ሲሆን፥ ዛሬ ግን የሚናገረውም፥ ትምህርቱን የሚከታተለውም፥ ነገር ግን የሰው ፊትና የሰው አነጋገር ምስጢር የሚሆንበት ልጅ በዚያው ስም ይጠራል፤ ደግሞም መምህሩና ነርሷ ምልክቱን ያውቃሉ፥ ስሙ የተመዘገበ ልጅ እርዳታ ስለሚያገኝም ወላጅ ልጁን ወደ ሐኪም ለማምጣት አያመነታም። የቍጥሩ መብዛት አብዛኛው ክፍል ከዚህ የመጣ ነው።

ለእኛ ይልቁን የሚያስተምረን ከራሳችን ወገኖች የተገኘው ነገር ነው። በ2004 የታተመ አንድ የእስራኤል ጥናት መዝገቦችን አገላብጦ እንዳሳየው፥ በኢትዮጵያ ተወልደው ወደዚያ አገር ከፈለሱ ከ11,000 የሚበልጡ ሕፃናት መካከል በዚህ ችግር የተመዘገበ አንድ ስንኳ አልተገኘም፤ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በዚያው በእስራኤል ከተወለዱት ግን ከ10,000 ስምንት ያህል ተገኝተዋል፥ ይህም ለሌሎቹ የአገሩ ተወላጆች ከተገኘው ከዐሥር ብዙ የራቀ አይደለም። የአንድ ሕዝብ ልጆች፥ አንዳንዶቹም የአንድ እናት ልጆች ሊሆኑ የሚችሉ፥ በባሕር ማዶና በባሕር ወዲህ ስለ ተወለዱ ብቻ እንዲህ ይለያያሉ ብሎ ማመን ይከብደኛል። የታመመ ልጅ ያለው ቤተ ሰብ ያን ረጅም ስደት ሳይችለው ቀርቶ ይሆናል፤ ልጁም ደርሶ ከሆነ፥ ዝምታውን ሰው ሁሉ የአገር መለወጥና የቋንቋ አለማወቅ አድርጎ ተርጕሞት ይሆናል። በማናቸውም መንገድ ቢሆን፥ በመዝገብ ላይ የሰፈረው ባዶ ቍጥር የሚነግረን ስለ ሕፃናቱ ሳይሆን ሕፃናቱን ስለሚያየው ዓይን ነው፤ ስለ ሐዋሳም ሆነ ስለ ቀረው አገራችን ስንናገር ይህን ነገር ከልቡናችን ልናወጣው አይገባም።

ኦቲዝም በሕክምና መጻሕፍት የገባው በአንድ አባት ደብዳቤ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ሩስያዊቷ ሐኪም ግሩንያ ሱካሬቫ በ1925 ተመሳሳይ ጠባይ ስላላቸው ስድስት ወንዶች ልጆች ጽፋ ነበር፤ ነገር ግን ጽሑፏ በብዙዎች ዘንድ ሳይታወቅ ቀረ። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሊዮ ካነር በ1943 የዐሥራ አንድ ሕፃናትን ሁኔታ ገልጦ ሲጽፍ ግን ነገሩ በዓለም ተሰማ። ከዐሥራ አንዱ የመጀመሪያው በሚሲሲፒ ግዛት የተወለደው ዶናልድ ትሪፕሌት ሲሆን፥ ጠበቃ የነበረው አባቱ በ1938 ልጁን ወደ ካነር ከማምጣቱ በፊት ያየውን ሁሉ በ33 ገጽ ደብዳቤ አስፍሮ ልኮለት ነበር። ልጁ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላው ሃያ ሦስተኛውን መዝሙር (በእኛ ዳዊት ሃያ ሁለተኛው ነው) እና የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርተ ሃይማኖት ሃያ አምስት ጥያቄና መልስ በቃሉ ይወጣው ነበር፤ ሆኖም ሰው ለጠየቀው ተራ ጥያቄ አይመልስም፥ አባቱ ወደ ቤት ሲገባም ቀና ብሎ አያይም፥ የሚሽከረከር ነገር ባገኘ ጊዜ ግን ደስታው ወሰን አልነበረውም። ካነር ያን ደብዳቤ ደጋግሞ አንብቦ ከሌሎቹ ወላጆች ቃል ጋር አስተያይቶ ነው የዚህን ሕመም መልክ የሣለው። እንግዲህ በዚህ ነገር የሳይንስ የመጀመሪያው መሣሪያ የወላጅ ዓይን ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ኦቲዝምን የሚገልጥ የደም ምርመራም ሆነ የራጅ ሥዕል ስለሌለ፥ ያ መሣሪያ ከሥራው አልተሻረም።

ታዲያ ያ ዓይን የሚፈልገው ምንድር ነው? የሐዋሳ ሰው በሰንበት ቀን ልጆቹን ይዞ ወደ አሞራ ገደል ቢወርድ፥ ዓሣ አጥማጆቹ ከጀልባ አውርደው ዓሣውን በሚያርዱበት ቦታ፥ አባ ኮዳዎቹ እንደ ሰው ቆመው ጥራጊውን ሲጠባበቁ ያያል። አንድ ዓመት ያለፈው ሕፃን ያን ራሰ በራ ታላቅ ወፍ ባየ ጊዜ የሚያደርገውን ልብ ብሎ ለተመለከተ፥ ከሰው ተፈጥሮ እጅግ ጥልቅ የሆነው ነገር እዚያ ላይ ይገለጥለታል፤ ሕፃኑ ጣቱን ወደ ወፉ ይዘረጋል፥ ወዲያው ዞሮ የእናቱን ፊት ያያል፥ እንደ ገና ወደ ወፉ ይመለሳል። የሚለምነው ነገር የለም፤ ወፉን ስጪኝ ማለቱ አይደለም፤ የሚፈልገው እርሱ ያየውን እርሷም እንድታይለት ብቻ ነው። ኦቲዝም ባለበት ልጅ ዘንድ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎድለው ይህ መደነቅን መካፈል ነው። እንዲህ ያለው ልጅ በዚያው ስፍራ ቆሞ ወፉንም ጀልባውንም ትቶ የቆመውን የባጃጅ ጎማ ጎንበስ ብሎ ሲያሽከረክር ሊውል ይችላል፤ የሚፈልገው ነገር ሲኖርም በጣቱ አያመለክትም፥ የእናቱን እጅ አንጓ ይዞ ወደ ውሃው ጀሪካን ይጎትታል እንጂ፤ ፊቷን ግን አያይም።

ስሙ ሲጠራ አለመዞሩም ሁለተኛው ታላቅ ምልክት ነው። ብዙ ወላጆች ልጄ ደንቆሮ ሆነብኝ ብለው ወደ ጆሮ ሐኪም የሚሄዱት በዚህ ምክንያት ሲሆን፥ መሄዳቸውም ደግ ነው፤ የጆሮ ምርመራ በምንም ዓይነት ሊታለፍ አይገባምና። ሆኖም ስሙ አምስት ጊዜ ተጠርቶ ያልዞረው ልጅ የብስኩት ወረቀት በሌላ ክፍል ሲንኮሻኮሽ ሮጦ ከመጣ፥ የጎደለው መስማት እንዳልሆነ እናቱ ራሷ ትረዳዋለች። ቆየት ብሎም ከእኩዮቹ ጋር ያለው ነገር ይለያል። በሲዳማ የዘመን መለወጫ በፊቼ ጫምባላላ ሰሞን ሕፃናት በየጎረቤቱ እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ ሲሉና ቡርሳሜ የተባለው የበዓል ምግብ ሲቀመጥላቸው፥ በዓሉን በዓል የሚያደርገው ሰጥቶ መቀበሉ ነው፤ ሰላምታ ይሰጣሉ፥ ምርቃት ይቀበላሉ፥ ይሳሳቃሉ፥ ወደሚቀጥለው ደጅ ይሮጣሉ። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ከመካከላቸው ቢገኝ፥ መቼ ሰላም እንደሚባል፥ ፈገግታው ለማን እንደ ሆነ፥ ተራው መቼ እንደሚደርስ የሚነግረው ያ ሳይነገር የሚታወቀው ሕግ ለእርሱ አልተጻፈለትም። ሰውን ጠልቶ አይደለም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ሰው ይወዳሉ፥ እናታቸውን አቅፈው አይለቁም፤ መንገዱ ነው የጠፋባቸው።

ሁለተኛው የምልክቶች ወገን በድግግሞሽና በስሜት ሕዋሳት ላይ የሚታየው ነው፤ በ2013 የወጣው የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች መመሪያም ኦቲዝምን የሚወስነው በነዚህ በሁለቱ፥ ማለት በመግባባት ጉድለትና በተደጋጋሚ ጠባይ፥ ላይ ቆሞ ነው። ልጁ የለስላሳ ቆርኪዎችን በቀለም በቀለማቸው ለይቶ በመስኮት ደፍ ላይ ይደረድራል፤ አንዱን ያነሣበት ሰው ቢኖር ቤቱ በለቅሶ ይናወጣል። እጆቹን እንደ ክንፍ ያርገበግባል፥ በእግሩ ጣቶች ይራመዳል፥ ወደ ሱቅ በአንዱ መንገድ የለመደ እንደ ሆነ በሌላው አልሄድም ይላል። ከምግብም ነጭ ነጩን ብቻ፥ ወይም ደረቅ የሆነውን ብቻ መርጦ ይበላል፤ የሌላው ወጥ ሁሉ ሽታው ስንኳ ያስመልሰዋል። በጭማቂ ቤት ደጃፍ ሲያልፉ የመፍጫው ድምፅ፥ በፀጉር ቤት የቶንዶሱ ጩኸት፥ በአደባባይ የድምፅ ማጉያው ማምባረቅ ለእርሱ እውነተኛ ሥቃይ ነው፤ ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ሲጮኽ መንገደኛው «ምን ያለ ያልተቀጣ ልጅ ነው» እያለ እናቲቱን በዓይኑ ይወጋታል። ወድቆ ጉልበቱ ቢደማ ግን ምንም እንዳልሆነ ተነሥቶ ይሄዳል። ይህ አብዝቶ መሰማትና ከቶ አለመሰማት በአንድ ሰውነት ውስጥ አብሮ መኖሩ ለብዙ ሰው እንግዳ ስለሆነ ነው በዚህ ላይ የዘገየሁት።

ስለ ንግግር የሚባለው ብዙ ነው። ከሚናገሩት ልጆች ብዙዎቹ የሰሙትን እንደ ገደል ማሚቶ ይመልሳሉ፤ ከትናንት ወዲያ በቴሌቪዥን የሰማውን ማስታወቂያ ከነዜማው ይደግመዋል፥ ውሃ ሲጠማውም እናቱ ዘወትር የምትለውን ይዞ «ውሃ ትፈልጋለህ?» ይላል፥ እፈልጋለሁ ማለቱ ነው። ከአራት አንድ ያህሉ ደግሞ ካደጉም በኋላ የሚናገሩት ቃል እጅግ ጥቂት ነው። በሐዋሳ አንድ ሕፃን በቤት ሲዳምኛ፥ በጎረቤት ወላይትኛ፥ በመንገድ አማርኛ እየሰማ ሊያድግ ይችላልና፥ አፉን ሳይፈታ ሲቀር ቤተ ሰቡ ቋንቋው በዝቶበት ነው ብሎ መጽናናቱ የተለመደ ነው። ይህ ግን ስሕተት ነው። ሁለትና ሦስት ቋንቋ መስማት ኦቲዝምን አያመጣም፥ ኦቲዝም ያለበትንም ልጅ አይጎዳውም፤ ስለዚህ እናት ልጇን በምታውቀው ቋንቋ ማናገሯን ትታ በማታውቀው እንድትታገል መምከር ሁለቱንም መበደል ነው። ደግሞ ጤናማው ልጅ በንግግር ቢዘገይም በእጁ፥ በፊቱ፥ በጥቅሻው ይናገራል። አንድ ዓመት ሞልቶት እንደ «ባባባ» ያለ ድምፅ የማያሰማና በጣቱ የማያመለክት፥ በዐሥራ ስድስት ወሩ አንድ ቃል የሌለው፥ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል አጣምሮ የራሱን ነገር የማይናገር ልጅ ግን ሳይውል ሳያድር ሊታይ ይገባዋል። አያቲቱ «አይዞሽ፥ አባቱም አፉን የፈታው በአራት ዓመቱ ነው» ብትል ለማጽናናት ነው፤ ነገር ግን በዚያ ማጽናኛ ሁለት የወርቅ ዓመታት ያልፋሉ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚሰብረው፥ ከአራት ወይም ከሦስት ልጆች በአንዱ ላይ የሚታየው የኋሊት ጉዞ ነው፤ ልጁ በዓመት ከመንፈቁ «እማ» ብሎ፥ ቻው ብሎ እጁን አውለብልቦ፥ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ ያ ሁሉ ይጠፋል። ወላጆች እንዲህ ያለውን ነገር ሲያዩ በዚያ ሰሞን የሆነውን ሁሉ፥ ክትባቱን፥ ትኩሳቱን፥ የእንግዳውን ዓይን፥ ምክንያት አድርገው ቢይዙ የሰው ልቡና ጠባይ ነው። በ1998 በእንግሊዝ አገር ታትሞ ክትባትን የከሰሰው ጽሑፍ በ2010 ባሳተመው መጽሔት ራሱ ተሽሮአል፤ በ2019 በዴንማርክ የወጣው ጥናትም ከ650,000 የሚበልጡ ሕፃናትን ተከታትሎ የኩፍኝን ክትባት የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ በኦቲዝም እንዳልተጠቁ አረጋግጦአል። ኩፍኝ ዛሬም ሕፃናትን በሚገድልበት አገራችን፥ በዚህ ሐሰት ምክንያት አንድ ልጅ ሳይከተብ ቢቀር ጥፋቱ እጥፍ ነው።

ምክንያቱስ? አብዛኛው ከትውልድ የሚወረስ፥ በብዙ መቶ ልዩ ልዩ ዘረ መሎች የሚመጣ የአእምሮ አሠራር ልዩነት ነው፤ አንድ እንዲህ ያለ ልጅ በተወለደበት ቤት ለሚቀጥለው ልጅ ዕድሉ ከአምስት አንድ ያህል መሆኑም ይህን ይመሰክራል። ያለ ጊዜ መወለድ፥ የወላጆች ዕድሜ መግፋት፥ በእርግዝና ጊዜ ለሚጥል በሽታ የሚወሰደው ቫልፕሮኤት የተባለው መድኃኒትም ዕድሉን ከፍ ያደርጉታል። በወንዶች ላይ ከሴቶች ሦስትና አራት እጥፍ ይገኛል፤ ሆኖም ዝምተኛ ሴት ልጅ ጨዋ ተብላ ስለምትመሰገን፥ ከሴቶቹ ብዙዎች ሳይታዩ ማለፋቸውን እጠረጥራለሁ። የሚጥል በሽታ፥ የእንቅልፍ ማጣት፥ የሆድ ድርቀት፥ ከሦስት አንድ በሚሆኑትም ላይ የአእምሮ ዕድገት ዝግመት አብሮ ይታያል። በምዕራቡ ዓለም ስንኳ ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለ ጸሐፊ የእናቶች ፍቅር መቀዝቀዝ ያመጣው ነው ብሎ በማስተማሩ፥ ለብዙ ዓመታት ስንት እናቶች በገዛ ልጃቸው ፊት እንደ ወንጀለኛ ሲቈጠሩ ኖረዋል። በኛ አገር ክሱ ሌላ ልብስ ለብሶ መጣ እንጂ ያው ክስ ነው፤ እርግማን ነው፥ ልክፍት ነው፥ የእናቲቱ ኃጢአት ነው ይባላል።

በአዲስ አበባ በሁለት የሕፃናት የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች ልጆቻቸውን የሚያሳክሙ 102 ሰዎች ተጠይቀው በ2016 የታተመው ጥናት ይህን ኀፍረት በቍጥር አሳይቶናል፤ ከመቶ 45 የሚሆኑት በልጃቸው ሁኔታ ማፈራቸውን፥ ከመቶ 27 የሚጠጉትም ነገሩን ከሰው ለመሰወር መጣራቸውን ገልጠዋል። እነዚህ ደግሞ ወደ ሆስፒታል ለመምጣት የደፈሩት ናቸው፤ በር ዘግተው የቀሩትን ማን ጠየቃቸው? ምክንያቱን ሲናገሩም የሕክምናውንና የመንፈሱን፥ የወሊዱን ጭንቅና የርኩስ መንፈስን ነገር፥ በአንድ አፍ ይጠሩታል። ይህን ስጽፍ ጸበሉንና ጸሎቱን ለመንቀፍ አይደለም። በሐዋሳ ቅዱስ ገብርኤል ደጅ የምትቆም እናትም ሆነች በጸሎት ቤት ተንበርክካ የምታለቅስ፥ ለልቧ የምታገኘውን ጽናት ሐኪም አዝዞ አይሰጣትም። የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ ካህኑም መጋቢውም ልጁን ሲባርኩ የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን አቋርጡ እንዳይሉ፥ ልጁ እንዳይታሠርና እንዳይገረፍ፥ እናቲቱንም ምን በድለሽ ነው ብለው እንዳይጠይቋት።

በአገራችን ይህን ዝምታ በአደባባይ የሰበረችው ዘሚ የኑስ ናት። ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት የነበረችው ይህች ሴት፥ ከአሜሪካ ተመልሳ በውበት ሙያ ትምህርት ቤቷ የታወቀች ስትሆን፥ ልጇን የሚቀበል ትምህርት ቤት ብታጣ በ2002 በአዲስ አበባ በኒያ ፋውንዴሽን ሥር ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን ከፈተች። የፊደላችንን ተራ፥ ተነባቢና አናባቢ በአንድነት የተዋሐዱበትን፥ ተከትላ ድምፅን ከአፍ ቅርፅ ጋር እያያያዘች አፋቸውን ያልፈቱ ልጆች የሚሠለጥኑበትን አቡጊዳ ፎኔቲክስ የተባለ ዘዴ አወጣች። በ2021 በኮሮና በሽታ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስም በየመገናኛ ብዙኃኑ እየቀረበች ልጄን አልደብቅም ስትል ኖረች። ከጆይ በኋላ በወላጆች ኅብረት የቆመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በዚያው በአዲስ አበባ ተከትሎ መጣ። የሁለቱም መነሻ የመንግሥት ትእዛዝ ሳይሆን የወላጅ ጭንቀት መሆኑን ልብ ይሏል። ነገር ግን ከሐዋሳ አዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአውቶቡስ ውስጥ ድምፅና ግፊያ የማይችል ልጅ ይዞ ያን መንገድ በየወሩ የሚመላለስ ወላጅ ስንት ይሆናል?

ኦቲዝምን ነቅሎ የሚጥል መድኃኒት የለም፤ አለኝ የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ሽሹ። ሪስፐሪዶን የመሳሰሉት መድኃኒቶች ከባድ ቍጣንና ራስን መጉዳትን ሊያበርዱ ይችላሉ፤ ልጁን የሚያስተምረው ግን ሰው ነው፤ ያውም በአብዛኛው የቤቱ ሰው። የዓለም ጤና ድርጅት ባለሙያ ለሌለባቸው አገሮች ያዘጋጀውና ኢትዮጵያም ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ የሆነችበት የአሳዳጊዎች ሥልጠና፥ ዘጠኝ የጋራ ስብሰባና ሦስት የቤት ጉብኝት ያለው ሲሆን፥ የሚያስተምረውም ቀላል መስሎ የሚታይ ነገር ነው፤ ከልጁ ፊት ለፊት ዝቅ ብሎ መቀመጥን፥ እርሱ በያዘው ጨዋታ ውስጥ መግባትን፥ አጭር ቃል መናገርንና መልሱን መጠበቅን፥ ልብስ መልበሱን ከፋፍሎ ደረጃ በደረጃ ማለማመድን። ቆርኪውን ከመንጠቅ ይልቅ ቆርኪውን አንድ በአንድ እየሰጠ «ቀይ» «አረንጓዴ» የሚል አባት ሥራውን ጀምሮአል ማለት ነው።

ለሐዋሳ የሚያስፈልገው ታላቅ ሕንፃ ነው ብዬ አላምንም፤ ሕንፃውም ቢመጣ መልካም ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ለክትባትና ለሕፃናት ክብደት ምዝገባ ወደየቤቱ ይገባሉ፤ ልጁ ስሙ ሲጠራ ይዞራል ወይ፥ ያየውን በጣቱ ያመለክታል ወይ፥ የነበረው ቃል ጠፍቶበታል ወይ ብሎ ለመጠየቅ ከሦስት ደቂቃ አይበልጥም። የሚጠረጠረውን ልጅ ከጤና ጣቢያው ወደ አዳሬ ሆስፒታል፥ ከዚያም ወደ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ አጠቃላይ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሕፃናትና የአእምሮ ሕክምና ክፍል መላክ የሚቻል ነው። ምዝገባው ከዚያ ቢጀመር፥ ጥቂት ዓመት ሳይቆይ የከተማዋ ቍጥር የተዋሰችው ሳይሆን የራሷ ይሆናል። በየዓመቱ መጋቢት 24 የሚከበረው የዓለም የኦቲዝም ቀን በሰልፍና በከናቴራ ከሚያልፍ፥ በዚያ ዕለት በየቀበሌው አንድ ሁለት መቶ ሕፃናት ቢታዩ እመርጣለሁ።

ወላጅም እስከዚያ ድረስ እጁን አጣጥፎ አይቀመጥ። ሐኪሙ ዘንድ የሚቀርብበት ጊዜ አጭር ነው፤ ልጁም በባዕድ ክፍል ውስጥ እንደ ቤቱ አይሆንምና፥ ዝም ብሎ ጥግ ይዞ ሊቀመጥ ወይም ሲያለቅስ ሊቈይ ይችላል፤ ሐኪሙም የሚያየው ያን ብቻ ይሆናል። ስለዚህ የትሪፕሌት አባት እንዳደረገው ከመሄዳችሁ በፊት ጻፉ፤ መጻፍ ባትችሉ ታላቅ ልጃችሁ ይጻፍላችሁ። መቼ ዳኸ፥ መቼ ቆመ፥ የመጀመሪያ ቃሉ ምን ነበር፥ ጠፍቶ እንደ ሆነ በየትኛው ወር ጠፋ፥ ምን ይበላል፥ ምን ሲሰማ ጆሮውን ይይዛል፥ ስንት ሰዓት ይተኛል፥ ራሱን ስቶ ወድቆ ያውቃል ወይ፥ ሲወለድ ቶሎ አልቅሶአል ወይ። በስልካችሁም ሲጫወት፥ ስሙ ሲጠራ፥ ሲናደድ፥ እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ደቂቃ ቅረጹ። ቀኑን በጥግ ጻፉበት፤ የክትባት ካርዱንም አብራችሁ ያዙ።